ድምፅ ቤት ይሻል



በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ጊደር መጋላ የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ስሙ መኪና ግርግር ይባላል። ይህን ስም ያወጡለት በግራና በቀኙ ተሰልፈው የሚሠሩት የልብስ ሰፊዎች መኪናዎች ናቸው። ጊደር መጋላ ማለት ደግሞ በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሐረሪውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አማርኛውንና ዐረብኛውን በጥቂት እርምጃ ውስጥ ሁሉንም ይሰማል፤ ከየሱቁ የሚወጣውንም ዘፈን ሳይሰማ አያልፍም።

እኔም አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የመኪናቸውን መርገጫ አቁመው፣ እጃቸውን በጨርቁ ላይ ጭነው፣ ከአንድ አሮጌ የካሴት ማጫወቻ የሚወጣ ዘፈን ሲያዳምጡ አገኘኋቸው። ዘፋኙ ዓሊ ቢራ ነበር። ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሣ ድምፁ አንዳንዴ ይቀጥናል፤ አንዳንዴም ይጐተታል። «አባቴ፤ ለዚህ ዘፈን ሌላ ቅጂ የለዎትምን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፤ ይህ ሲበጠስ እኔ ዘንድ ያለው ዘፈን ያልቃል» አሉኝ። ነገሩን የተናገሩት እንደ ተራ ነገር ነው። ለእኔ ግን ለዛሬው ንግግሬ መነሻ ሆነኝ።

ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት የሁለት ዘፋኞችን የሕይወት ታሪክ ነው። አንደኛው በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ የተነሣ የኦፔራ ቴኖር ነው። ሁለተኛው ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በድሬዳዋ ተወልዶ ያደገው የእኛው ዓሊ ቢራ ነው። ሁለቱ በዘፈን ዓይነት፣ በቋንቋና በሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ ጐን ለጐን ቢታዩ አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ይኸውም ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ሲሆን፣ ያ ስጦታ ወደ ሥራ ተለውጦ ከሰው ዕድሜ እንዲያልፍ ግን ቤት የሚያስፈልገው መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኦፔራና ስለ ቴኖር ጥቂት እንበል። ኦፔራ ማለት ተዋናዮቹ ንግግራቸውን በዜማ የሚያሰሙበት፣ በብዙ መሣሪያዎች ጓድ የሚታጀብ ቲያትር ነው። ቴኖር የሚባለው ደግሞ ከወንዶች ድምፅ ከፍ ብሎ የሚወጣው ሲሆን፣ በአብዛኛው የአፍቃሪውና የጀግናው ክፍል የሚሰጠው ለእርሱ ነው። የኦፔራ ዘፋኝ እንደ ልማዱ የድምፅ ማጉያ አይዝም። ከፊቱ የተቀመጠውን የሙዚቃ ጓድ ድምፅ አልፎ፣ በብዙ ሺህ ሰው የተሞላውን አዳራሽ በደረቱ አየር ብቻ መሙላት አለበት። ይህ ችሎታ በአንድ ሌሊት አይገኝም፤ አስተማሪ፣ ልምምድ፣ አጃቢና መድረክ ይፈልጋል።

አሜሪካዊው ቴኖር ሪቻርድ ታከር ይባላል። በነሐሴ ወር 1905 ዓ.ም. በብሩክሊን ከቤሳራቢያ ከተሰደዱ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። ገና በልጅነቱ በምኩራብ መዘምራን መካከል ገብቶ ዜማ ተማረ። ካደገም በኋላ ኑሮውን የሚመራው ለጠጉር ልብስ ሠሪዎች የሐር ገበር በመሸጥ ነበር፤ በሰንበትና በበዓል ቀን ደግሞ በምኩራብ ጸሎቱን በዜማ ይመራ ነበር። የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ገበርና ዜማ በአንድ ሰው እጅ መገኘታቸው አያስደንቃቸውም ብዬ አምናለሁ፤ መኪናቸውን እየረገጡ የሚያንጐራጕሩ ብዙዎች ናቸውና።

ታከር ፖል አልትሃውስ ከሚባል ቀድሞ ቴኖር ከነበረ አስተማሪ ዘንድ ድምፁን አሠለጠነ። የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት በሬዲዮ ለሚያካሂደው የዘፋኞች ውድድር ቀርቦም ነበር፤ ነገር ግን አላሸነፈም። ቢሆንም ተስፋ አልቈረጠም። ጥር 17 ቀን 1937 ዓ.ም. በዚያው ኦፔራ ቤት «ላ ጆኮንዳ» በተባለው ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ 30 ዓመት ያህል የዚያ ቤት ዘፋኝ ሆኖ ኖረ፤ ከ700 ጊዜ በላይም ተጫወተ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ማለቂያ ለዝግጅት በሄደበት ከተማ በድንገት ሲሞት፣ አስከሬኑ ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ የስንብቱ ሥነ ሥርዓት በኦፔራ ቤቱ መድረክ ላይ ተፈጸመ። እንዲህ ያለ ክብር ለሌላ ዘፋኝ በዚያ መድረክ ተደርጎ አያውቅም።

ልብ እናድርግ፤ ታከርን ታላቅ ያደረገው ድምፁ ብቻ አልነበረም። ምኩራቡ ዜማ አስተማረው፤ አስተማሪው አየር አወሳሰድ አሳየው፤ ሬዲዮው ለሚሊዮኖች አሰማው፤ ኦፔራ ቤቱም 30 ዓመት ሙሉ ልብስ፣ አጃቢና ደመወዝ ሰጠው። ከሞተ በኋላም ሥራው በሸክላና በፊልም ተቀርጾ፣ ተመዝግቦና ተጠብቆ ቈየ።

ይሁን እንጂ ያ ቤት ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። ሮላንድ ሄይስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ቴኖር በ1879 ዓ.ም. በጆርጂያ ከባርነት ከወጡ ወላጆች የተወለደ ነው። በዘመኑ አዘጋጅ ቢያጣ በኅዳር 1910 ዓ.ም. የቦስተንን ታላቅ የሙዚቃ አዳራሽ በራሱ ገንዘብ ተከራይቶ ዘፈነ። በ1913 ዓ.ም. በእንግሊዝ ንጉሥ በጆርጅ አምስተኛ ፊት ቀረበ። የአውሮፓ ነገሥታት ያደመጡት ይህ ሰው ግን በገዛ አገሩ የኦፔራ መድረክ አልተሰጠውም። ጆርጅ ሸርሊ የተባለው ቴኖር በሜትሮፖሊታን የዋና ተዋናይ ክፍል የተሰጠው የመጀመሪያው ጥቁር ቴኖር የሆነው በ1954 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቤት መኖር ብቻ አይበቃም፤ በሩ ለማን ይከፈታል የሚለውም ጥያቄ አብሮ ይነሣል።

አሁን ደግሞ ከኒውዮርክ ወደ ሐረር የሚመልሰንን አንድ መንገድ ላሳያችሁ። በመጋቢት 1941 ዓ.ም. ታላቁ የሙዚቃ መሪ ቶስካኒኒ «አይዳ» የተባለውን የቨርዲ ኦፔራ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲያሰማ፣ ራዳሜስ የተባለውን የግብፅ ጦር አዛዥ ክፍል የዘፈነው ሪቻርድ ታከር ነበር። በታሪኩ ውስጥ አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ይህን ኦፔራ ያሠራው የግብፁ ገዢ ከዲቭ ኢስማዒል ነው። ከዲቩ በ1862 ዓ.ም. በካይሮ የኦፔራ ቤት አስከፈተ፤ አይዳም በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1868 ዓ.ም.፣ የዚሁ ከዲቭ ጦር በራኡፍ ፓሻ መሪነት በጀጎል በሮች ገብቶ ሐረርን ያዘ። አሚር ሙሐመድ ተገደሉ፤ የግብፅም አገዛዝ እስከ 1877 ዓ.ም. ዘለቀ።

እንግዲህ የካይሮ ታዳሚዎች የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲሸነፍ በመድረክ ላይ እያዩ ሲያጨበጭቡ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሐረር ሰዎች የዚያኑ ገዢ ወታደሮች በገበያቸው መካከል አዩ። የሐረር ሰው ስለዚያ ዘመን ምን እንዳንጐራጐረ የካይሮ ኦፔራ ቤት አልሰማም። ቤት ያለው የራሱን ዘፈን ብቻ አይደለም የሚዘፍነው፤ ቤት የሌለውንም ሰው ታሪክ በራሱ አፍ ይዘፍንለታል።

ይህን ስል የእኛ አገር የዜማ ቤት አያውቅም ማለቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚማሩበትን ቦታ ራሱን «ዜማ ቤት» ብላ ትጠራለች፤ ተማሪውም ድጓውን ለመያዝ ብዙ ዓመት ይደክማል። በሐረርም በመውሊድና በሌሎች በዓላት ዚክሪው በከበሮ ታጅቦ ያድራል፤ በሠርግም ሴቶች ከእናት ወደ ልጅ የወረደውን ዘፈን በዚያ በሚያምረው የሐረሪ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ያወርዱታል። በአዲስ ዘመናዊ መንገድም ቢሆን ብዙ ተደርጓል። በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ልጆች መለከታቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራም እንደ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ባሉ አስተማሪዎች ሠለጠነ። እነዚህ ቤቶች ግን የሚገኙት በአዲስ አበባ ነበር፤ በእነርሱም ዘንድ ይበልጡን የሚሰማው አንድ ቋንቋ ነበር።

ዓሊ ቢራ የተወለደው በዚህ ዘመን መካከል ነው። ሙሉ ስሙ ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው። በ1939 ዓ.ም. በድሬዳዋ ተወለደ። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ሳለ የተራራው ዳገት ስለ ከለከለው ቈላው ላይ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. መባቻም አዲሲቱ ከተማ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። በዚህ ባቡር ጨርቅና ጨው ብቻ አልመጣም። ሸክላው፣ ኡዱ፣ የዐረብና የሱዳን ዘፈንም መጣ። የድሬዳዋ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወት አራትና አምስት ቋንቋ ሳያውቀው ይማራል። ዓሊም እናትና አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ተለያዩ በአባቱ እጅ አደገ፤ በመድረሳ ዐረብኛ ተማረ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ገብቶ አማርኛ ተማረ። ታከር በምኩራብ እንደ ጀመረ፣ ዓሊም ጆሮውን ያቃናው በመጀመሪያ በመድረሳ ድምፅን አስተካክሎ በማንበብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በድሬዳዋ ወጣቶች «አፍረን ቀሎ» የተባለ የባህል ጓድ አቋቋሙ። ስሙ አራቱ ቀሎ ማለት ነው፤ ይኸውም በሐረርጌ ምሥራቅ የሚኖሩት አራቱ የቀሎ ኦሮሞ ነገዶች፣ ዓላ፣ ባቢሌ፣ ደጋና ኦቦራ፣ የሚጠሩበት ነው። ዓሊ ወደዚህ ጓድ የገባው ገና በ13 ዓመቱ ግድም ነው። በመድረክ ያዜመው የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ቢራ ነበር፤ ቢራ ማለት በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአበባ የሚሸፈንበት ወራት፣ በአማርኛ ጥቢ የምንለው ነው። ሕዝቡም ዘፈኑን ስለ ወደደው ልጁን በዘፈኑ ጠራው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሊ ቢራ ሆኖ ቀረ። ሌሎች ዘፋኞች ስማቸውን ከአባታቸው ያገኛሉ፤ እርሱ ግን ከአድማጩ አገኘ።

አፍረን ቀሎ የራሱ አዳራሽ አልነበረውም። መድረኩ የሠርግ ድንኳንና የሰፈር ግቢ ነበር። በዚያን ጊዜ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት የማይሰጥ፣ በፍርድ ቤት የማይጻፍ፣ በጋዜጣም የማይታተም ቋንቋ ስለ ነበር፣ ወጣቶች በአደባባይ ቆመው በዚያ ቋንቋ መዝፈናቸው ለሹማምንቱ ከዘፈን በላይ የሆነ ነገር መስሎ ታያቸው። ስለዚህ ጓዱ ታገደ፤ አባሎቹም አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ተበተኑ። አንድ ድምፅ ገና ሲያድግ የነበረበት ድንኳን እንዲህ ፈረሰ።

ዓሊም በ1950ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጠረ። ይህ ቤት ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የዘፈኑበት ቤት ነው። እዚህ ላይ የታሪክን አካሄድ ማስተዋል ይገባል። በድሬዳዋ ጓዱን የበተነው መንግሥት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ በኩል የዚያኑ ወጣት ድምፅ በሳክስፎንና በትሮምፔት አሳጀበ። ዓሊ በዚያ የጓድ ሥርዓትን፣ ከብዙ መሣሪያ ጋር ተስማምቶ መዝፈንንና በትልቅ መድረክ መቆምን ተማረ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ነገር ግን የወታደር ቤት ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ዘፋኙ አይደለም። ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ለቅቆ ወጣ።

በ1963 ዓ.ም. ግድም በኦሮምኛ ያስቀረጸው ሥራ በዚያ ቋንቋ የመጀመሪያው አልበም እንደ ሆነ ይነገርለታል። ይህ የሆነው የግል ሸክላ አሳታሚዎች በአገራችን ሥራ በጀመሩበት ወራት ነው፤ ከዚያ በፊት ዘፈን በሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበርና፣ ያን አጥር አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ጥሶ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ሸክላ ለዘፋኙ ተንቀሳቃሽ ቤት ሆነለት። በሐረር ቡና ቤት፣ በጭሮ፣ በጅጅጋ መንገድ ላይ የሚቆም የጭነት መኪና ነጂ ሳይቀር ገዝቶ ያዳምጠው ጀመር። ዓሊ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ ስለ ዘፈነ የጊደር መጋላ ገበያተኛ ሁሉ «የእኔ ዘፋኝ ነው» ለማለት ቻለ። ኡዱን ይዞ ሲያንጐራጕር የባሕሩ ማዶ፣ ጊታሩን ሲይዝ የአዲስ አበባው፣ አንደበቱን ሲከፍት ደግሞ የሐረርጌ ገጠር በአንድ ላይ ይሰማሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ሁላችን እናውቀዋለን። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት መድረክ ደበዘዘ፤ ሸክላ ማተም ቀርቶ ካሴት ተተካ። ብዙ ዘፋኞች አገር ለቀቁ። ዓሊም በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ስዊድን ሄደ፤ ከዚያም በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በስደት ያሉ ወገኖቹ በየከተማው በተከራዩት አዳራሽ ተሰብስበው ሰሙት፤ ካሴቱም በሻንጣ ታጥፎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ዓመታቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ በአዳማ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ ተወለደባት ድሬዳዋ ተወስዶ በብዙ ሕዝብ ፊት ተቀበረ።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። ታከር በአንድ ቤት 30 ዓመት ዘፈነ፤ ከዚያው ቤትም ተሸኘ። ዓሊ ከ60 ዓመት በላይ በዘለቀው የዘፈን ዘመኑ ከሠርግ ድንኳን ወደ ወታደር ቤት፣ ከወታደር ቤት ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ኖረ። የታከር ሥራ የሚፈልገው ሰው መዝገብ ገልጦ በየትኛው ቀን ምን እንደ ዘፈነ ያነባል። የዓሊን የሚፈልግ ግን ከሰው አፍና ከአሮጌ ካሴት ይለቅማል።

ምናልባት ከአድማጮቻችን አንዱ «ዓሊ ያለ ቤት ይህን ያህል ከደረሰ ቤት ምን ያደርጋል? ሕዝቡ ቤቱ አልነበረምን?» ይል ይሆናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም አልክደውም። ስሙን የሰጠው ሕዝብ ነው፤ በተሰደደ ጊዜ ድምፁን በሻንጣ ያመላለሰው ሕዝብ ነው፤ በቀብሩም ቀን መንገዱን የሞላው ሕዝብ ነው። ነገር ግን ዓሊ የደረሰው ብርቱ ስለ ነበረና ዕድል ስለ ረዳው ነው። ከእርሱ ጋር በአፍረን ቀሎ ከጀመሩት፣ በሐረር ሠርግ ላይ ድምፃቸው ግቢውን ይሞላ ከነበረው ወንዶችና ሴቶች ስንቶቹ ናቸው ዛሬ አንድ ዘፈናቸው እንኳ የሚሰማው? የሕዝብ ፍቅር ድምፅን ያሳድጋል፤ ካሴት እንዳይበጠስ ግን አይከለክልም።

በሐረር በዚህ ረገድ አንድ መልካም ምሳሌ አለን። በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የብራና መጻሕፍትንና ጌጣጌጥን ብቻ ሳይሆን የቀድሞ ዘፈኖችን ቅጂ ጭምር የሰበሰበ ነው። ይህን ሥራ አንድ ግለሰብ በራሱ ቤት ጀምሮ እዚህ ማድረሱ ሊያስመሰግነው ይገባል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ትጋት የአንድን አገር ድምፅ ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ፣ በሮቹና ቤቶቹ ናቸው። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የሚዘፈነው ግን ድንጋይ ስላልሆነ፣ ካልተቀረጸ ከዘፋኙ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችን የሚቀር ሥራ አለ። በሣጥን ውስጥ አሮጌ ካሴት ወይም ሸክላ ያለው ሰው፣ ሳይበላሽ ወደ አዲሱ መሣሪያ ያስገልብጠው፤ ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ፣ በየት ሠርግና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተቀረጸ በወረቀት ይጻፍበት። ድምፁ ያማረ ልጅ ያለው ወላጅ ልጁን አይገሥጸው፤ ትምህርት ቤቶችም ከሒሳቡና ከሳይንሱ አጠገብ ለመዝሙር ሰዓት ይስጡ። ሹማምንትም ከታሪካችን ይማሩ፤ ዛሬ የሚከለከል ዘፈን ነገ በክብር ዶክትሬት ሊመሰገን ይችላልና፣ በር ከመዝጋት ማዳመጥ ይቀድማል።

እኚያ የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ዘፈኑ እስኪያልቅ ካዳመጡ በኋላ ካሴቱን አውጥተው፣ በእርሳስ ጫፍ አጠንጥነው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በመሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያም መኪናቸውን መርገጥ ጀመሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሐረር ስወርድ ባዶ እጄን አልሄድም፤ የሚያስገለብጥልኝን ሰው አብሬ ወስጄ ያን ካሴት በአደራ እለምናቸዋለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲሁ ብታደርጉ፣ ለድምፃችን የሚሆነው ቤት አንድ ጡብ ተጨመረለት ማለት ነው።